አባትሽ ድምፁ ዘግቷል

መጀመሪያ የጠፋኝ እንቅልፍ አይደለም፤ ማንበብ ነው። ላይብረሪ ተቀምጬ አንዲት መስመር አነባለሁ፤ መጨረሻዋ ላይ ስደርስ መጀመሪያዋ የለም። እመለሳለሁ። አሁንም የለም። ደብተሩ የራሴ ደብተር፣ ጽሑፉ የራሴ ጽሑፍ ነው፤ ግን ሌላ ሰው በማላውቀው ቋንቋ የጻፈው ይመስለኛል። ከጎኔ ያሉት ልጆች ገጽ ይገልጣሉ። የገጹ ድምፅ ያናድደኛል። ተነስቼ እወጣለሁ፣ ግቢውን ዞሬ እመጣለሁ፣ እቀመጣለሁ። ያቺው መስመር።

ይህን ያየ ሰው «ሰንፋ ነው» ይላል። እኔም ራሴን ያልኩት እሱን ነው። ስለዚህ እንደኔ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ተማሪዎች ካላችሁ ከዚህ ልጀምርላችሁ። ሰው አእምሮውን ታመመ የሚባለው ጨርቁን ጥሎ ሲሮጥ ብቻ ይመስለን ነበር። እኔ ጨርቄን ጥዬ አልሮጥኩም። የታመምኩት ያቺን መስመር ማንበብ ሲያቅተኝ ነው። ያኔ ሐኪም ጋ ብሄድ ብዙው ነገር በቀረልኝ ነበር።

የሺ እባላለሁ። አገሬ በደሴ በኩል ካለችው ማሻ ወጣ ብሎ ያለ የገበሬ ቀበሌ ነው። አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት ማሻ፣ ከሌሎች ሴቶች ልጆች ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን፣ በየሳምንቱ ከቤት ስንቅ እየተሸከምን ነው። የዚያን ዓመት ማትሪክ ካለፉት ጥቂት ልጆች አንዷ እኔ ሆንኩ፤ ከቀበሌያችን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ሲደርሰኝ አባቴ «እሰይ፣ አገራችን ነው፣ ቅርብ ነው» አለ። እስከ መኪናው ሻንጣዬን ተሸክሞ ሸኘኝ። «ወደ ቤት አታስቢ፤ ትምህርትሽን ብቻ» አለኝ። በሩ ሲዘጋ በመስኮቱ አየሁት። እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። መጨረሻ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ዶርማችን ስድስት ነን። ከኔ አልጋ በታች የምትተኛው ሰዓዳ የመካነ ሰላም ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ቤቷ እዚያው ሆኖ ዶርም ለምን እንደምታድር ስጠይቃት «እማዬ ሱቅ ልታስቀምጠኝ ነዋ! ክንድ ስለካ ዲግሪዬ ያልቃል» አለችኝ። አፏ አያርፍም። «አንቺ የማሻ ልጅ፣ ደህና አደርሽ ስትይኝ እንኳ የምትጣዪኝ ነው የሚመስለው» ትለኛለች። እንዲያ ስትለኝ እውነትም እጣላታለሁ። ሌላው የማውቀው ሰው የአጎቴ ልጅ ጌታሰው ነው፤ ሦስተኛ ዓመት ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፣ ግን በወር አንዴ ነው የምንገናኘው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ሳስብ ሕመሙ የገባባቸው ብዙ ቀዳዳዎች ይታዩኛል። አስተማሪው በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እኛ እርስ በርስ እንተያያለን፤ አልገባኝም ብሎ እጁን የሚያወጣ የለም። የሚድ ውጤት በር ላይ ሲለጠፍ ቁጥሬን ፈልጌ አጣሁት፤ ኋላ ያገኘሁት ታች፣ ብዙ ሰው ከማይፈልግበት ቦታ ነው። አገሬ ላይ «የአያሌው ልጅ» እየተባልኩ በምሳሌነት የምጠራው ልጅ፣ እዚህ ከታች የምቆጠር ሆንኩ። ውሃ ይጠፋል። ብርዱን ታውቁታላችሁ አይደል፣ የመካነ ሰላሟን የቦረናን ብርድ። ተኩስ ተሰማ በተባለ ቁጥር ሻንጣ እናስራለን፣ ምንም የለም ሲባል ደግሞ እንፈታለን። እንዲህ እያሰርን እየፈታን ነው ለፋይናል የምናጠናው። ይህን ሁሉ ለአባቴ አልነግረውም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ይደውላል። ስልክ ሲይዝ መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ «የሺዬ» ይላል። እኔ «ደህና ነኝ» እላለሁ። እሱም ደህና ነኝ ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው ወጋችን። እሱ ግን ያቆመኝ ነበር።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ ኔትወርክም ጠፋ።

ሳምንታት አለፉ። ኔትወርኩ የተመለሰ ቀን ሕንፃው ሁሉ ጮኸ። ኮሪደሩ ላይ እየሮጡ የሚያለቅሱ፣ እየሳቁ የሚጮኹ፣ ስልካቸውን የሚስሙ። እኔም ደወልኩ። የአባቴ ስልክ ዝግ ነው። ማሻ ከተማ ወዳለችው አክስቴ ወደ ዓለሚቱ ደወልኩ።

«አባትሽ ድምፁ ዘግቷል» አለችኝ። «ብርድ መትቶት ነው። ሐኪም እንዳይናገር ከልክሎታል።»

«እሺ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊለት። እኔ ላውራ፣ እሱ ይስማኝ።»

ከጎኗ ካለ ሰው ጋር ተንሾካሾከች። ከዚያ «ተኝቷል» አለች።

«እማዬስ?»

«ውሃ ወርዳለች።»

በሚቀጥለው እሑድ እናቴ ወፍጮ ቤት ናት ተባልኩ። በሌላው ደግሞ አክስቴ አምልጧት «ለቅሶ ላይ ናት» አለች። «የማን?» ስላት «የሩቅ ሰው ነው፣ አታውቂውም፣ አጥኚ አንቺ» ብላ ዘጋችው።

አባቴ ሞቷል። እናንተ አሁን አወቃችሁ። ያኔ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ በማለዳ ነው የሚረዳው ሰው። ለብቻው ሰምቶ ራሱን እንዳይጎዳ ነው፤ ወጉ ደግ ወግ ነው። ባለመርዶው ተማሪ ሲሆን ግን ይዘገያል። «ፈተናዋን ትጨርስ» ይባላል። ለጌታሰው ከቤት ተነግሮታል። እሱ የዶርሜን ልጆች ሰብስቦ አስምሏቸዋል። የማሻ ልጆችም ሁሉ ሰምተዋል። ግቢው ሙሉ ሰው አንድ ነገር ተሸክሞ ከእኔ ጋር ይኖር ነበር።

እኔ የማየው ይህን ነው። ዶርም ስገባ ወሬ ይቆማል። በወር አንዴ የማየው ጌታሰው በየቀኑ ይመጣል፣ ያውም ብርቱካን ይዞ። ሰዓዳ መሳደብ ትታለች። «እጣቢሽን እኔ ልድፋልሽ» ትለኛለች። ሰዓዳ! ከማሻ አብራኝ የመጣች ልጅ ጥቁር ሻርፕ አድርጋ ካፌ በር ላይ አየኋት፤ ስታየኝ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እንግዲህ ፍረዱ። ሰው ሁሉ ስለ እኔ ያንሾካሽካል ብዬ አመንኩ። እውነት ነበር። አንድ ነገር ይደብቁኛል አልኩ። እውነት ነበር። ሕመሙ ከዚህ እውነት ላይ ተነስቶ ነው ወደ ሌላው የሄደው። ዘበኞቹም ያውቃሉ አልኩ። አስተማሪው ቦርዱ ላይ ስለ እኔ ይጽፋል አልኩ። የካፌዋ ሴትዮ ወጤ ውስጥ የሆነ ነገር ትጨምራለች ብዬ መብላት ተውኩ። የቱ ጋ እውነቱ አልቆ የቱ ጋ ሕመሙ እንደጀመረ ዛሬም በደንብ አላውቅም።

መተኛት ቀረ። መታጠብ ቀረ። ፀጉሬ ተያያዘ።

አንድ ምሳ ሰዓት ካፌ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ዞርኩ። የለም። ከዚያ «የሺዬ» አለ። ድምፁ አልዘጋም። ጥርት ያለ ነው። ሳህኑን ጥዬ ሮጥኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይመጣ ነበር። መጀመሪያ ስሜን ብቻ። ቀጥሎ «ነይ»። ደስ ይለኛል ብል ታምኑኛላችሁ? ፈርቼውም ናፍቄውም ነበር።

ዶርም ውስጥ መሐል ቆሜ «ምንድነው የምትደብቁኝ?» አልኩ። አምስቱም ተያዩ። ሰዓዳ «ወላሂ ምንም የለም» አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ያቺን ወላሂ ኋላ በጾም ከፍላታለች፤ በውሸት ለማለችው መሐላ ሦስት ቀን ጾመች። ያኔ ግን እኔ «ውሸታም!» ብዬ ትራሱን ወረወርኩባት፣ አንገቷንም ያዝኩ። ለያዩን።

ከዚያ ወዲያ በእኔ ጉዳይ ስብሰባ ሆነ። ጌታሰው ጸበል ትጠመቅ አለ። የሰዓዳ እናት እትዬ መዲና ከሱቃቸው ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ዱዓ ይደረግላት፤ ዓይን ይዟታል» አሉ። የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሯ፣ ደግሞ «እኔ ኃላፊነት አልወስድም፣ ወደ ቤቷ ትሂድ» አለች። ሁለቱ ግን በአንድ ነገር ተስማሙ።

«ቤትማ አትሄድም!» አለ ጌታሰው፣ ደንግጦ።

«ኧረ ቤት አይሆንም፣ ወየው!» አሉ እትዬ መዲና።

ፕሮክተሯ ሁለቱንም አየቻቸው። እኔም አየኋቸው። ቤት ለምን አልሄድም? ቤቴ ምን አለ? ይህንን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ ሳዞረው ዋልኩ፣ ሳዞረው ከረምኩ።

የሚቀጥለውን በአጭሩ እጽፋለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከግቢ ወጣሁ። ክፍል ነበረኝ። አልገባሁም። ከከተማው ወጥቼ ወደ ገደሉ አቅጣጫ ሄድኩ። ድምፁ «ነይ» ይላል። መሞት ፈልጌ ነበር። ከዚህ በላይ አልዘረዝርም፤ ማንም ከእኔ እንዲማረው አልፈልግም።

መንገዱ ዳር አንዲት እናት ባቄላ ይለቅማሉ። ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

አገር ቤት ይህን ተጠይቆ ዝም አይባልም። «የአያሌው» አልኩ።

«አያሌው የቱ?»

«የማሻው።»

«ውይ፣ ከሩቅ ነሻ። አባትሽ ደህና ናቸው?»

«አላውቅም።»

«ኧረ ወዲያ! የአባቱን ደህንነት የማያውቅ ልጅ ደግሞ ምን ይሉታል?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አዩት። ሳቁ ቆመ። ቅርጫታቸውን አስቀምጠው መጡና እጄን አንጓው ላይ ያዙኝ። አልለቀቁኝም። «ነይ፣ ይችን ልቀሚልኝ» አሉ። ባቄላ ለቀምኩ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ሲበቃቸው ያቺኑ እጄን እንደያዙ ከተማ ድረስ በእግር ወሰዱኝ፣ ሆስፒታል አስገቡኝና ካርድ ክፍል ላለችው ልጅ «ይችን ልጅ እዩልኝ። እዚህ ቆማለች እንጂ እዚህ የለችም» አሏት። ስማቸውን አልጠየቅኩም። አሁን ያ ይቆጨኛል።

የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ባለሙያ ወጣት ነው። ሁሉም ዶክተር ይለዋል። ጠረጴዛው ላይ ከእስክሪብቶው በቀር ምንም የለም፤ እሱንም አላነሳም።

«ሰዎች ስለ አንቺ የሚያወሩ ይመስልሻል?» አለኝ።

«አይመስለኝም። ያወራሉ።»

«ምን እያሉ?»

አፌን ከፈትኩ። የምናገረውን እኔም ከእሱ ጋር ነው የሰማሁት። «አባቷ ሞቷል እያሉ።»

አይዞሽ አላለም። እንዲህ የምታስቢው ስለታመምሽ ነው አላለም። «ዘመድ አለሽ እዚህ?» አለኝና ጌታሰውን አስጠራው። እኔን ነርሷ ጋ አስቀምጠው ለብቻቸው ተነጋገሩ። የተባባሉትን ጌታሰው ኋላ ነው የነገረኝ።

«ልጅቷ የምትለው እውነት ነው?» ብሎ ጠይቆታል።

ጌታሰው መሬት መሬት አየ። «ፈተናው ደርሷል፤ ጨርሳ ትረዳ ተብሎ ነው።»

«ማን ነው ያለው?»

«ቤተሰቡ ነዋ። ሽማግሌዎቹ። እኔ ምን ሥልጣን አለኝ፣ ዶክተር?»

«ስማ ወንድሜ፤ እኔ መድኃኒት እጀምርላታለሁ። የምትሰማው ድምፅ አለ፣ እሱ ይታከማል። ግን ያየችውን አላየሽም እያላችኋት እኔ የሌለውን አትስሚ ልላት አልችልም። የትኛውን ትመን?»

«እዚያ ሄዳ ብትሞትብንስ ብለን ነው» አለ ጌታሰው።

«ዛሬ ወዴት እየሄደች እንደነበር ታውቃለህ?»

ያኔ ጌታሰው አለቀሰ። እኔም በሩ ሲከፈት ፊቱን አየሁና አወቅኩ።

መርዶው ግን በወጉ ይሁን ተባለ። በማግስቱ ማለዳ እትዬ መዲና ቤት ነው። ሰዓዳ፣ ጌታሰው፣ የማሻ ልጆች፣ አንድ ቄስ፣ ሁለት የሰፈሩ ሽማግሌዎች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ባለሙያው በሩ አጠገብ ዱካ፣ ትንሽዬ በርጩማ፣ ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌው «ልጄ የሺ፣ አባትሽ ዐርፈዋል» አሉ።

«አውቃለሁ» አልኩ።

ከዚያ ጮህኩ። እትዬ መዲና ይዘውኝ እሳቸውም አብረውኝ ይጮሁ ነበር። አባቴን አይተውት አያውቁም። መንገዱ ተዘግቶ ሳለ ሆዱን አሞት፣ በቃሬዛ ተሸክመውት ወደ ማሻ ሲወርዱ መንገድ ላይ ነው ያረፈው። ተቀብሯል። አርባውም ወጥቷል። እኔ ያን ጊዜ የሒሳብ ቀመር እሸመድድ ነበር።

እዚህ ጋ፣ እውነቱ ተነገራት፣ ዳነች ብዬ ብጽፍ ደስ ይላችሁ ነበር። አልዳንኩም። ባሰብኝ። ድምፁ አሁን ስሜን አይጠራም፤ «የት ነበርሽ?» ይለኛል። ደሴ ሪፈር ተጻፈልኝ፤ ጌታሰውና ሰዓዳ ይዘውኝ ሄዱ። ሰዓዳ ፈተናዋን ትታ ነው። እናቷ ተይ ሲሏት «ሱቅ እቀመጥልሻለሁ» አለቻቸው፣ በቃ ተሸነፉ።

ደሴ ተኝቼ ታከምኩ። ካርዴ ላይ የተጻፈው «ሜጀር ዲፕሬሽን፣ ከሳይኮሲስ ምልክቶች ጋር» የሚል ነው፤ ከባድ ድባቴ፣ የሌለውን ከመስማትና ከማመን ጋር ማለት ነው። ሪስፔሪዶንና ፍሉኦክሰቲን ጀመሩልኝ። መድኃኒቱ እንደ ራስ ምታት ክኒን ወዲያው አይሠራም፤ ይህን ዕወቁ። መጀመሪያ ያመጣብኝ መጥፎውን ነው። ምላሴ ከበደ፣ እጄ ደረቀ፣ አንገቴ ከነትከሻዬ ነው የሚዞረው፣ ምራቄ ትራሱን ያርሰዋል። «ገደላችሁኝ» እላቸው ነበር። ለድርቀቱ ሌላ ክኒን፣ ትሪሄክሲፈኒዲል የሚባል ሰጡኝና ሰውነቴ ተፈታ። ድምፁ አንድ ቀን ድንገት አልጠፋም። እየራቀ ሄደ፤ ከክፍሉ ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ ግቢ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰው የሚጣራ እስኪመስለኝ ድረስ ራቀ። የቀረበትን ቀን ግን አላውቀውም። ደስ ያለኝም አይመስለኝም። ሁለተኛ የሞተብኝ ነው የመሰለኝ።

ከደሴ በቀጥታ ወደ ቤት ወሰዱኝ፤ ትምህርቱን የዊዝድሮው ፎርም ሞልተን ለዓመቱ አቋርጬዋለሁ። እናቴ በራፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ ፀጉሯን ተላጭታለች፣ እኔም ክብደት ጨምሬ አብጬ ነበርና እርስ በርስ ለመተዋወቅ ጥቂት የፈጀብን ይመስለኛል። ብዙ ቀን አልተነጋገርንም። ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ አረም ውለን ከማሳው ዳር ስናርፍ፣ አላስቻለኝም።

«ለምን?» አልኳት። «ስልኩን አንሥተሽ አንዲት ቃል አትይኝም ነበር?»

«ድምፄን ብትሰሚኝ ታውቂ ነበራ። ለዚያ ነው ያልያዝኩት።»

«ማወቅ ነበረብኛ!»

«አባትሽ ነው ያስማለኝ» አለች፣ አፈሩን በጣቷ እየፈረፈረች። «ቃሬዛው ላይ ሆኖ። የሺ ትምህርቷን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት ብሎ። እኔ ምን ላድርግ? የሚሞት ሰው ቃል ልጣስ?» ከዚያ ቀና አለች። «አንቺ ብቻ ነሽ የተጎዳሽ? እኔ ሴት ልጅ እያለኝ እንደሌለው ሰው ብቻዬን ነው ያለቀስኩ። አገር ተሰብስቦ፣ ልጄ የለች። ይኸ አይቆጭም?»

የምቆጣው ሰው ፈልጌ ስመጣ፣ ለካ የሚቆጡት ሰው የለም፤ አባቴን ደግሞ ልቆጣው አልቻልኩም። ያን ቀን አብረን አለቀስን። የአባቴ ለቅሶ ለእኔ የዚያን ቀን ነው የሆነው፤ እዚያው ማሳ ዳር፣ ሁለታችን ብቻ።

መዳን አሰልቺ ነገር ነው። ማንም አይነግራችሁም እንጂ ከመታመም በላይ ያሰለቻል። ጠዋት ክኒን፣ ማታ ክኒን፣ በመሐል ገብስ ማረም፣ ውሃ መቅዳት፣ መተኛት፣ በየወሩ ደግሞ መድኃኒት ለመውሰድ ረጅም መንገድ መኪና ላይ መንገላታት፤ እንደኔ አንድ ቦታ መቀመጥ ለማይችል ሰው ይህ ቅጣት ነው። የወር አበባዬ ቀረ። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ የሚያፍር ካለ ይዝለለው። ሆዴም ስለገፋ መንደሩ «ዩኒቨርሲቲ ሄዳ አርግዛ መጣች፤ ሕመም የሚሉት ለእሱ ነው» ብሎ ጨረሰው። ሐኪሙ ጋ ስሄድ ከሪስፔሪዶኑ የመጣ መሆኑን አስረድቶኝ መጠኑን ቀነሰልኝ፣ ተመለሰ። ሴቶች፣ ይህን ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ በራሳችሁ ክኒኑን አትጣሉ። አክስቴ ዓለሚቱ «አሁንማ ደህና ሆነሻል፣ በቃሽ» ብላኝ አንድ ጊዜ አቋርጬ ነበር፤ ወር ሳይሞላ ከኋላዬ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። ዞር አላልኩም። በማግስቱ መኪና ተሳፍሬ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። «በራስሽ አታቁሚ። ማቆሚያው ሲደርስ አብረን ቀስ እያልን እናወርደዋለን» አለኝ። አልተቆጣኝም። እስካሁን እወስዳለሁ።

በዓመቱ እንደገና ለመግባት ሪአድሚሽን ጠይቄ መካነ ሰላም ተመለስኩ። ክፍሉ አዲስ፣ ልጆቹ ከእኔ ያነሱ። «ያቺ ያበደችው» የሚለኝ አለ። አንዱን መንገድ ላይ አስቁሜ «አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ምን ልርዳህ?» አልኩት፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም ይለኛል። ማንበቡ ተመልሷል፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ቶሎ ይደክመኛል። ውጤቴ መካከለኛ ነው። ይሁን።

ለእኚያ ባቄላ ለሚለቅሙት እናት፣ ሳይጣደፍ ለሰማኝ ባለሙያ፣ ደሴ ለነበሩት ነርሶች፣ የማያውቁትን ሰው ለቅሶ ቤታቸው አስቀምጠው ላለቀሱልኝ ለእትዬ መዲና፣ ለጌታሰውም ጭምር፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሰዓዳን አላመሰግናትም፤ ስጀምር ትስቅብኛለች።

አሁን ለእናንተ። ማንበብ ካቃታችሁ፣ እንቅልፍ ከሸሻችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ሌላ የማይሰማውን ከሰማችሁ፣ ሳይብስ ሂዱ። የግቢው ክሊኒክ ይላካችሁ፤ ካልላካችሁ ራሳችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ጸበልም ዱዓም የሚፈልግ ያድርግ፤ ክኒኑን ሳያቋርጥ። መሞት ካማራችሁ ያን ቀን ብቻችሁን አትዋሉ፤ ለአንድ ሰው፣ ለማንም ይሁን፣ በግልጽ ንገሩ። የዶርም ልጆች፣ ጓደኛችሁ መታጠብና መብላት ስትተው ሐሜቱን ትታችሁ እጇን ያዙ። አስተማሪዎችም ሦስት ሳምንት የቀረ ልጅ ስታዩ ኤፍ ከመስጠታችሁ በፊት የት ገባ በሉ።

ቤተሰቦች፣ ወጉን አልጠላሁትም። ሰው ይሰበሰብ፣ ሽማግሌ ይጠራ፣ ማለዳ ይሁን። ግን አታዘግዩት። ፈተና ሌላ ጊዜ ይሰጣል። እኔ ቀብር ላይ አልነበርኩም።

እናቴ ዛሬ ስልክ አላት። ከአሁን በኋላ አንድም ነገር እንዳትደብቀኝ አስምያታለሁ፤ እሷም መሐላዋን ከልክ በላይ ነው የያዘችው። እሑድ ስትደውል ሰላም ሳትለኝ ክፉውን ትጀምራለች። «ጉልበቴን አሞኛል። ዶሮዋን ጥርኝ በላት። አክስትሽ ተጣልታኛለች። ጣራው ያፈሳል።» ሰዓዳ አጠገቤ ሆና ስትሰማ «እናትሽ ዜና አንባቢ መሆን ነበረባቸው፣ ሐቂቃ፣ እውነቴን ነው» ትላለች።

ያለፈው እሑድ ስትደውል ድምጿ ከበደ። «የሺ፣ በሬያችን ገደል ገባ» አለችኝ። «ሞተ። ልሰውርሽ ነበር፤ ግን ምያለሁ።»

የነበረን በሬ እሱ ብቻ ነው። በምን እንደምታርስ እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ስልኩ ላይ ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ «ሌላስ?» አልኳት።

«ሌላ የለም» አለች።

አመንኳት። ክኒኔን ዋጥኩና ተኛሁ።